ኮኖቹ የሚደረደሩት ለማን ነው?

ኦቶክሮስ በሰፊ የመኪና ማቆሚያ ወይም በአሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ኮን (ሾጣጣ የመንገድ ምልክት) ተደርድሮ፣ መኪኖች በየተራ እየገቡ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደሙበት የአማተሮች ውድድር ነው። አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚሠራበትን ደንብ የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ፣ በምህጻሩ ኤስሲሲኤ ነው። በቅርቡ ሜሪላንድ ውስጥ በተደረገ አንድ ውድድር ቀኑ አልበቃ ብሎ ተወዳዳሪዎች ሦስት ሦስት ዙር ብቻ ነድተው ተመለሱ፤ ብዙ ጀማሪዎችም መስመሩ ጠፋባቸው። መስመሩን የቀየሱት ሰውና በዕለቱ ሰዓት የመዘገበችው ሴት ሁለቱም የዚሁ አካባቢ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ በምክንያቱ ግን አልተስማሙም። የተጻጻፉት እነሆ።

ቀያሹ

ስለ ቀኑ ማጠር ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስት ዙር ነድቶ ለመመለስ ብሎ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የሚነሳ ሰው የለም። ስለ መስመሩ ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ለምን እንደማልጠይቅ ላስረዳ።

«መስመሩ ይቅለል» የሚሉኝ ሰዎች ልብ ሳይሉት «ይስፋ፣ ይቅና፣ ይከፈት» እያሉኝ ነው። የተከፈተ መስመር ፈጣን መስመር ነው። በደንቡ መሠረት ፈጣን የሚባለው የመንገድ መኪና እንኳ በቀጥታው ላይ በሰዓት ከ60 ማይል ብዙም መዝለል የለበትም፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ከ45 ማይል። መስመሩ ከማንኛውም ጠጣር ነገር ቢያንስ 25 ጫማ ይርቃል። እኔ በኩርባዎች ውጫዊ ጎን ይህን ርቀት እጥፍ አደርገዋለሁ፤ መኪና ሲከዳ የሚወጣው ወደዚያ ነውና። የተወዳደርንበት የመኪና ማቆሚያ ደግሞ የመብራት ምሰሶ የበዛበት ነው። እዚያ ፍጥነትን የምገታበት ሌላ መሣሪያ የለኝም፤ ያለኝ የኮኖቹ አቀማመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠበበ የተባለው ኩርባ ሁሉ የጠበበው በምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ከልቤ የሚወጣ ነው። ቀጥ ባለ ሰፊ መስመር ላይ የሚያሸንፈው ጉልበተኛ ሞተር ነው። እኔ ኦቶክሮስን የወደድኩት ሃያ ዓመት ያለፋትን ትንሽ ማዝዳ ሚያታ የያዘ ሰው፣ አዲስና ጉልበተኛ ኮርቬት ከያዘው ጎን ቆሞ የሰዓት ሰሌዳውን ሲያይና ፊቱ ሲበራ ስላየሁ ነው። ያንን ፊት የሚያበራው መስመሩ ነው። ሞተሩን ገታ አድርጎ ዓይንንና እጅን ሲፈትን ሰው በችሎታው ይለካል።

ብዙ ስሞታ የመጣብኝ በስላሎሙ፣ ማለትም በአንድ ረድፍ በቆሙ ኮኖች መካከል በግራና በቀኝ እየተጠማዘዙ በሚያልፉበት ክፍል ነውና እሱን እንውሰድ። ደንቡ በሁለት ኮኖች መካከል ቢያንስ 45 ጫማ ይጠይቃል። እኔ አምስት ኮን አቆምኩ፤ የመጀመሪያው ክፍተት 75 ጫማ፣ ቀጥሎ 70፣ ከዚያ 65፣ መጨረሻው 60። ዓይን ልዩነቱን አይለየውም፤ መኪናው ግን ይለየዋል። አንደኛዋን ኮን ባለፉበት ፍጥነት የቀጠሉ ሁሉ ሦስተኛዋ ላይ ዘገዩ፣ ከአራተኛዋ ራቁ፣ አምስተኛዋን መቱ። ከዚያ «አምስተኛዋ ኮን ቦታዋ ልክ አይደለም» አሉኝ። ስህተቱ የተሠራው ግን አንደኛዋ ጋ፣ እግር ከነዳጁ ላይ መነሳት በነበረበት ቅጽበት ነው። ስህተት የሚሠራበትና ዋጋው የሚከፈልበት ቦታ እንደሚለያዩ ኮን ለመታ ሰዓቱ ላይ በሚጨመር የሁለት ሴኮንድ ቅጣት የሚማሩበት ሌላ ሜዳ አላውቅም። በአውራ ጎዳና ላይ ይህ ትምህርት በሕይወት ይከፈላል።

ሦስት ዙር ራሱ ደግሞ የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም። ነብራስካ፣ ሊንከን ውስጥ በሚደረገው ብሔራዊ ውድድር ሰው አገር አቋርጦ መጥቶ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት መስመር ይነዳል፤ በእያንዳንዱ ላይ የሚሰጠው ሦስት ዙር ነው።

ሰዓት መዝጋቢዋ

ጋሼ፣ ስለ ፍጥነቱ የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ። መስመሩ ይከፈት ያልኩበት ቀን የለም። እኔ የማነሳው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ከሂሳቡ ልጀምር።

በዕለቱ 90 መኪና በሦስት ምድብ ተመዝግቦ ነበር። አንዱ ምድብ ሲነዳ ሌላው መስመር ላይ ቆሞ ኮን ያነሳል፣ ሦስተኛው ያርፋል። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ዙር ለማድረስ 450 ጊዜ መኪና ማስነሳት አለብን። በየ30 ሴኮንዱ ብናስነሳ ሦስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል። በየ45 ሴኮንዱ ከሆነ አምስት ሰዓት ከግማሽ ያልፋል። አሥራ አምስት ሴኮንድ ምን አላት ትባላለች፤ ከቀኑ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ትወስዳለች። እኛ በዕለቱ ስናስነሳ የነበረው በየ70 ሴኮንዱ ነው። በዚህ አካሄድ አምስቱን ዙር ለመጨረስ ስምንት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያስፈልገን ነበር፤ ቦታውን ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ማስረከብ ነበረብን።

ሰባ ሴኮንድ የሆነው መስመሩ ረጅም ስለሆነ ነው ሊሉኝ ይችላሉ። አይደለም። የአንድ ደቂቃ መስመር ሁለት መኪና በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ የፊተኛው ግማሹን ሲያልፍ የኋለኛው ይነሳል። የእርስዎ መስመር ግን ወደ ምሥራቁ አጥር ሄዶ በራሱ ላይ ይታጠፋል። አራተኛው ኩርባና ስምንተኛው ኩርባ ጎን ለጎን ናቸው፤ ከአንዱ የተሽከረከረ መኪና ሌላው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አስነሺው የፊተኛው መኪና እስኪጨርስ እጁን አጣጥፎ መጠበቅ ነበረበት፤ ትክክልም አደረገ።

ያም ሆኖ ሁለቱን ኩርባዎች የሚጠብቀው አንድ ጣቢያ ነበር። ከሰዓት መመዝገቢያው ጠረጴዛ ሆኜ ያየሁትን ልንገርዎ። አንድ ልጅ አራተኛው ኩርባ ላይ የተገፋች ኮን ለማየት ሮጠ። እንደተማረው አላነሳትም፤ መጀመሪያ አጎንብሶ በዙሪያዋ የተሰመረውን የኖራ ሳጥን አየ። ኮኗ ቆማ ሳጥኑን በጥቂቱም ቢሆን ከነካች ቅጣት የለም፤ ከወደቀች ወይም ሙሉ በሙሉ ከወጣች ሁለት ሴኮንድ ነው። ልጁ ለማንም ላለማድላት በጥንቃቄ ያያል፣ ሬዲዮውን ወደ አፉ ያስጠጋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያችው መኪና ዞራ ስምንተኛው ኩርባ ላይ ደርሳ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቷታል። «ለሚነዳ መኪና ጀርባችሁን አትስጡ» ብለን ጠዋት ያስተማርነው እኛው ነን። ቦታው ግን ጀርባውን እንዲሰጥ አስገደደው። እንዲህ ያለው ነገር የሚወሰነው ኮን ሲደረደር ነው።

ስለ ሊንከን ያነሱትም ለእኛ አይሠራም። እዚያ የሚደርስ ሰው ብዙ መስመር ነድቶ፣ ዓይኑን ገርቶ ነው የሚደርሰው። የእኛን ሰው ላስታውስዎ። አንዲት ነርስ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ፣ የራሷን ኮሮላ እየነዳች፣ የወንድሟን ሄልሜት ይዛ መጣች። መስመሩን በእግሯ ሦስት ጊዜ ዞረችው። በመጀመሪያው ዙር ከሦስተኛው በር (መኪና በመካከላቸው ከሚያልፍባቸው ሁለት ኮኖች) በኋላ ፊቷ ያለው ሁሉ ኮን ሆነባት፤ የመመለሻውን በር የመሄጃው መስሏት ገባችና ዙሩ ተሰረዘ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው መስመሩን ይዛ ጨረሰች፣ ሰዓትም ተመዘገበላት። ወርዳ መጥታ፣ የሄልሜቱ ምልክት ግንባሯ ላይ እንዳለ፣ «አሁን ገባኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቀኑ ማለቁን ነገርኳት። ጋሼ፣ የሚማሩት በአራተኛውና በአምስተኛው ዙር ነው። ሰው ሲገባው በሩን ዘጋንበት።

ቀያሹ

እህቴ፣ የልጁን ነገር አላወቅሁም ነበር። በዚያ ሰዓት ተራ መጠበቂያው ላይ ነበርኩ። ለዚህ የማቀርበው መከላከያ የለኝም፤ አራተኛውና ስምንተኛው ኩርባ ይለያያሉ።

መስመሩ የታጠፈው በቦታው ጥበት ነው። ሳይታጠፍ ቢቀር 35 ሴኮንድ ብቻ ይሆን ነበር፤ ለዚያች የሚሆን ሰው ከቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ድረስ ይነዳል ወይ ብዬ አሰብኩ። የ35 ሴኮንድ መስመር ስድስት ዙር ቢነዳ እንኳ ከአንድ ደቂቃ መስመር አራት ዙር ያነሰ የመንዳት ጊዜ እንደሚሰጥ እኔም ሂሳብ ሠርቻለሁ። ያልሠራሁት የአንቺን ሂሳብ ነው።

የነርሷ መጥፋት ግን ከመታጠፉ ይልቅ ከኖራው ነው የመጣው። በወረቀቱ ላይ መስመሩ በግራና በቀኝ ኖራ ነበረው፤ በየበሩም አጠገብ የተጋደመች ኮን ጫፏን ወደ ቆመችው አዙራ መኪናው በየት በኩል ማለፍ እንዳለበት ትጠቁማለች። ኮን ማብዛት ጀማሪን አይረዳም፤ ባሕር ይሆንበታል። ዓይን የሚከተለው መሬት ላይ ያለ ነጭ መስመር ሲያገኝ ነው። በዕለቱ ጠዋት ግን የግቢው በር አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ ተከፈተልን። የቴክኒክ ምርመራውን ላሳጥር አልችልም፤ በዚያው ጠዋት ተቆጣጣሪው ከአንድ መኪና ወንበር ሥር የፍሬን ፔዳል ሥር ሊገባ የሚችል የውሃ ጠርሙስ፣ ከሌላው ጎማ ላይ ደግሞ የላላ ዳዶ አግኝቷል። ስለዚህ ኖራውን ተውኩት። መተው የነበረብኝ መስመሩን ነበር፤ ሁለት ኩርባ ነቅዬ ኖራዬን ማፍሰስ። ሦስት ሌሊት የሳልኩትን መንቀል አሳሳኝ።

ስላሎሙን ግን አላነሳም፤ ቦታውንም አልቀይርም።

ሰዓት መዝጋቢዋ

ስላሎሙ ይኑር። የምለምንዎ ቦታውን ነው። ከመነሻው ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፤ ጀማሪ ልቡ እየመታ፣ ማርሹን ገና እየፈለገ እዚያ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰፊ ኩርባ ይቅደምለትና ይተንፍስ።

ሌላው ጥያቄዬ ቀጣዩን መስመር ሲስሉ ከኮኖቹ በፊት ሰዎቹን እንዲያስቀምጡ ነው። አምስቱ ጣቢያዎች የት እንደሚቆሙ፣ እያንዳንዱ ሰው ወዴት እያየ እንደሚቆም፣ ኮን ለማንሳት ስንት እርምጃ እንደሚሮጥ። በዚያ ላይ የተሳለ መስመር የአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ከዚያ በላይም ቢሆን እኔ በየ30 ሴኮንዱ አስነሳበታለሁ። ኖራውን ደግሞ ለምድቡ ሰዎች አከፋፍለዋለሁ፤ እርስዎ ብቻዎን ተሸክመው አይዙሩ።

ቀያሹ

ጣቢያዎቹን አስቀድሜ እስላለሁ። ወረቀቱን ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት እልክልሻለሁ፤ ሰው ጀርባውን የሚሰጥበት ቦታ ካየሽ አጥፊው።

ስላሎሙ ከመነሻው ቀጥሎ ይቆያል። መኪና ሁሉ ከቆመበት የሚነሳው እዚያ ነው፤ ኮርቬቱም ኮሮላውም ፍጥነታቸው ገና ትንሽ ሳለ ይገቡበታል። ከሰፊ ኩርባ በኋላ ባስቀምጠው ግን ጀማሪው ባልለመደው ፍጥነት ነው የሚደርስበት። እንዲተነፍስ የምትይውን ሰፊ ኩርባ ከስላሎሙ በኋላ እሰጠዋለሁ።

ጀማሪዎቹን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መስመሩን በእግር የማዞራቸው ራሴ ነኝ፤ ነርሷ ከመጣች ከፊት ትሁን። አምስተኛዋ ኮን ጋ እንቆማለን፤ ፊታችንን አዙረን አንደኛዋን እናያታለን።