የመስኮት ጭሰኛ

ልደታ አካባቢ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስፋቷ ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ የመስኮት ደፍ አለችኝ። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ቆስጣና አንድ እግር ቃሪያ የበቀሉት እዚህችው ላይ ነው። ማሳዬ የቀለም ባልዲና ወገቡ ላይ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ነው። ባልዲው ከታች ካልተበሳ ውኃ ይተኛበትና የተክሉ ሥር ይበሰብሳል፤ ከተበሳ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ባሰጡት ነጠላ ላይ ይንጠባጠባል። «ኧረ እናንተ ላይ ያላችሁ፣ ክረምት ገባ እንዴ?» ይላሉ፣ በጥር ወር። ስለዚህ የማጠጣው ጨለማን ተገን አድርጌ ነው። ውኃውም በፈረቃ ስለሚመጣ ቆስጣዬ ያደገው ምስር የታጠበበትን እየጠጣ ነው።

ቆስጣውን ማንም ለምኖኝ አያውቅም። ጤና አዳሙ ግን የሕዝብ ነው። እሑድ ጠዋት የሚቆላ ቡና ሽታ በደረጃው ሽቅብ ሲወጣ ሌላው ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔ ቅጠሎቼን በዓይኔ እሰናበታለሁ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ይንኳኳል። «እማዬ ትንሽ ጤና አዳም ስጡን ብላለች።» የልጅ እጅ መቀንጠስ አያውቅም፤ ቅርንጫፉን ገንጥሎ ነው የሚወርደው። የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ይቆጣል፤ ይህ እውነት ነው። ይህንኑ ለልጆቹ ብነግራቸው እናቶቻቸው «ቅጠል ነፍጎ ሰበብ ፈጠረ» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይከለክላል? ቅጠሉ በቀረበት ቡና ላይ የባለቤቱ ስም ይነሣል። ይባስ ብሎ ቡና ተጠርቼ ሄጄ የገዛ ቅጠሌ የገባበትን ሲኒ ሳሸት፣ «አየህ፣ የጉልቱ እንዲህ አይሸትም፤ ጥሩ ዘር ነው የሰጠሁህ» የምትለኝ ጎረቤት አለች። ዘሩን የሰጠችኝ እርሷ አይደለችም።

ይህም ቢሆን ከፀሐይዋ ጉዳይ አይብስም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ወደ ሰሜን፣ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የእኔ መስኮት የሚያየው ወደ ደቡብ ነው። በጋውን እንጠግባለን፤ በሶብላው እንኳ፣ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የኅዳር ሌሊት ምን እንደሚመስል እያወቀ፣ ረፋዱ ላይ ቀና ይላል። ክረምት ሲመጣ ግን ከደመና የተረፈችው ፀሐይ የፊት ለፊት ጎረቤቴ የጋሼ ናት። ስለዚህ ግንቦት ሲገባ እንደ አርብቶ አደር ባልዲዎቼን ነድቼ ወደ እሳቸው መስኮት እሰደዳለሁ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በ1966 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያሉ በየሰልፉ ጉሮሯቸው የደረቀ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ አድርጎ ጭሰኝነትን ሲያስቀር እንዴት እንደጨፈሩ ለሰማውም ላልሰማውም ያወራሉ። ታዲያ የመጀመሪያውን ባልዲ ደፋቸው ላይ ገና ሳሳርፍ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «እኩል ነው ወይስ ሲሶ?» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። በእኩል ተዋዋልን፤ መስኮቱ የእሳቸው፣ አፈሩ፣ ዘሩና ፍጉ የእኔ። አዋጁ ስለ መስኮት ደፍ የሚለው ነገር ስለሌለ ይግባኝ የምልበት አላገኘሁም።

ጳጉሜን ላይ ንብረቴን ልመልስ ስሄድ ቃሪያዋ ፍሬ አንዠርግጋለች። ጋሼ ሌላውን ሁሉ አቀበሉኝና እርሷ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ቃሪያዋ ትቅር።»

«ጋሼ፣ ውላችን እኮ እኩል ነበር!»

«ክረምቱን ሙሉ ማን አጠጣት? ማን ኮተኮታት?» አሉና በሹካ ያገላበጡትን አፈር አሳዩኝ። «እኛ ያልነው ላራሹ ነው።»

ቃሪያዋ ቀረች። አሁን ቤታችን ሽሮ ሲሠራ ልጄን ወደ ጋሼ እልካለሁ፤ «አባዬ አንድ ቃሪያ ይስጡን ብሏል» ይላቸዋል። እሳቸውም አይከለክሉም፤ ትንሿን መርጠው ይቀነጥሱለታል።