ቀልዱን ለሰው አትላኩት፣ የእናንተ ነው

የጎጃም ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስለምወዳችሁ ነው የምቆጣው፤ ስሙኝ።

በቅርቡ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። ደምበጫን እንዳለፍን ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቀልድ ከፈተ። ኮሜዲያኑ ስለ አንድ አባት ያወራል። የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋቾችን ዕድሜ አንድ በአንድ የሚያውቅ፣ የገዛ ልጁ ግን ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የማያውቅ አባት። መኪናው በሳቅ ተናጋ። ሰውየው እንባውን እየጠረገ «ይቺንማ ለወንድሜ ነው የምልክለት፣ ቁርጥ እሱን!» አለና ላከለት።

ፍኖተ ሰላም ልንገባ ስንል ስልኩ ጠራ። የልጆቹ እናት ናት። ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። የደብተርና የዩኒፎርም ብር እንዲልክላት ነው የምትለምነው፣ ስትደውል ሦስተኛዋ መሆኑንም ነገረችው። «ኔትወርክ የለም፣ አይሰማም» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ቀልዱን ካቆመበት ቀጠለ። አንድም ሰው ምንም አላለውም። እኔም አላልኩትም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኧረ ባካችሁ፣ ያ ቀልድ የማን ነበር?

ድሮ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ጥንድ ሆነው በቴሌቪዥን ሲያስቁን ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ቤት ተሰብስቦ ነበር የሚያየው። ባል ከሚስቱ ጎን፣ አማት ከምራቷ ጎን ተቀምጠው። ስለ ሰካራም ባል ሲቀለድ ሰካራሙ ባል እዚያው አለ፤ ዓይን ሁሉ ወደሱ ይዞራል፣ እሱም አንገቱን ይሰብራል። አሁን ሁሉም በየስልኩ ብቻውን ይስቃል። ኮሜዲያኖቹ ደግሞ ከመድረክ ወርደው የሕይወት ወሬ ውስጥ ገብተዋል። እሸቱ መለሰን እዩት፣ ዶንኪ ቲዩብ በሚባለው የዩቲዩብ ቻናሉ እንግዳ አስቀምጦ ስለ ኑሮ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ወላጅ ያወያያል። በዚህ ክፋት የለበትም፣ እንዲያውም ብዙ ሰው ከንስሐ አባቱ ያልሰማውን እዚያ ይሰማል። ክፋቱ ከእኛ ነው። ሰምተን ስናበቃ «ይሄ ለእገሌ ነው» እንላለን። ባል ለሚስቱ ይልካል፣ ሚስት ለባሏ። ለራሱ የሚያስቀር የለም።

እኛ እኮ የአዝማሪ አገር ሰዎች ነን። አዝማሪ ቤት ስትገባ ባለ ማሲንቆው ዓይንህን እያየ ነው የሚሰድብህ። ግጥም ልትሰጠው ከፈለግህም በሰው ፊት «ተቀበል!» ብለህ ነው። ቃሉ ካንተ አፍ እንደወጣ ሁሉም ያውቃል፣ ባለቤቱ አንተ ነህ። ነገሩ ካስቀየመም የምትጠየቀው አንተ ነህ። ስልክ ላይ ግን በሰው አፍ ጎረቤትህን ትሰድብና «እኔ ምን አልኩ፣ ኮሜዲያኑ ነው» ትላለህ። ይሄ ፈሪነት ነው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለውን ተረት ዛሬም ማይክ ይዞ የሚቀልድበት አለ፤ ጠላ ቤት ቁጭ ብለው ይሄን ተቀባብለው የሚስቁ፣ ማታ ቤታቸው ገብተው የሚያደርጉትን እኔም እናንተም የምናውቃቸው ሰዎች አሉ። ጧት ፊቷ አብጦ ወንዝ ስትወርድ «በር መትቷት ነው» ብለን የምናልፈው እኛው ነን። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ነው ብሎታል። ሕጉ ባይኖርስ? የሰው ልጅ አይደለችም? የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ሲወራ አድገናል። እዚያ ውስጥ ወይዘሮ ማዘንጊያ መልስ አላት። አለቃ ይነኳታል፣ እሷም ትመልስላቸዋለች፣ እሳቸውን አፍ ታስይዛለች። የዛሬው ቀልድ ውስጥ ያለችው ሚስት አፍ የላትም። የሚደርሳት ዱላ ብቻ ነው።

እህቶቼ፣ እናንተንም አልምርም። «ወንድ ካለው ይስጥ፣ ከሌለው ይሂድ» የምትል አንዲት ቀልደኛ ስትናገር ሰምታችሁ የሰው ትዳር ከእናንተ ትዳር ጋር የምታስተያዩ አላችሁ። ለአንድ ቀን ሰርግ፣ ለቪዲዮና ለዲኮር ብላችሁ እጮኛችሁን አራጣ ውስጥ የከተታችሁ አላችሁ። ብድሩን ሁለታችሁም ናችሁ የምትከፍሉት። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ይሰፍራል፤ እኩልነቱ ከመብቱ ጋር ሸክሙንም ይዞ ነው የመጣው።

ደግሞ «ዘመኑ ነው» የምትሉት ነገር ሰልችቶኛል። ትዳር ሲፈርስ ዘመኑ ነው። ልጅ ሲባልግ ዘመኑ ነው። ፖድካስት ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ «ዘመናዊነት ቤተሰብ አፈረሰ» የሚለውን እያዳመጣችሁ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ፣ ያኔ ግን ልጁ ከጎናችሁ ቁጭ ብሎ «አባ» እያለ ይጠራችኋል። ዘመን ሚስቱን አይመታም። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በዚያው ሌላ ጎጆ የሚቀልስ ሰው እንጂ ዘመን አይደለም። ሥራ መጥፋቱን፣ የኑሮውን ውድነት፣ የመንገዱን ስጋት አውቃለሁ፣ እኔም እዚሁ ነው የምኖረው። ብር ለመላክ አቅም ማጣት ይኖራል። ስልክ አንስቶ «አሁን የለኝም፣ ልጆቹን አገናኚኝ» ለማለት ግን አቅም አይጠይቅም።

ወጣቶች፣ እናንተ ገና ናችሁና ይሄን ብቻ ልጠይቃችሁ። የምታገቧትን ልጅ፣ የምታገቡትን ልጅ፣ ከቀልድ ቪዲዮ ላይ አትማሩ። ጠይቋት። ጠይቂው። ቤተሰቦቹ ጋ ሄደሽ እናቱን እንዴት እንደሚያናግር እይ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ስለ ብር፣ ስለ ልጅ፣ ስለ መጠጥ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። አፍራችሁ የተዋችሁት ወሬ በኋላ ፍርድ ቤት በጠበቃ አፍ ይነገራል።

ያ ሰውዬ ዱርቤቴ ላይ ወረደ። ምናልባት ይሄን ታነበው ይሆናል ወንድሜ። ስምህን አላውቅም፣ ድምፅህን ግን አልረሳሁትም። ልጅህ ስንተኛ ክፍል ነው? ካላወቅህ ደውልና እናቱን ጠይቃት። ደብተር ከሌለው ነገ ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ውጣና ግዛለት።