ቢል ዊዘርስ በአንድ ጀንበር አልተገኘም
ስለ አሜሪካዊው ዘፋኝ ቢል ዊዘርስና ስለ «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» ዘፈኑ የተጻፈውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ዘፈኑን ያነሳልኝ ሰው ይመስገን። ግን የዘፋኙን ዝና «በአንድ ጀንበር የመጣ ዝና» የሚለው ላይ አልስማማም። ቢል ዊዘርስ 9 ዓመት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሏል። ከዚያ ደግሞ የአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ዘፈኑ በ1971 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዕድሜው ከ30 አልፏል። የሙዚቃ ሥራ አስተማማኝ አይደለም ብሎ የፋብሪካ ሥራውን ወዲያው አልለቀቀም። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ያለው ሰው ደስ ይለኛል።

ለእኔ የዘፈኑ ልብ መሀሉ ላይ ነው። «አይ ኖው» (አውቃለሁ) የሚለውን 26 ጊዜ ይደጋግማል። ቦታውን በግጥም ሊሞላው አስቦ ነበር። ስቱዲዮ የነበሩት ሙዚቀኞች ግን «እንዳለ ተወው» አሉት። ፕሮዲውሰሩ ቡከር ቲ ጆንስ፣ ጊታሪስቱ ስቲቨን ስቲልስ ነበሩ። ዊዘርስ ገና ጀማሪ ነበርና ሰማቸው። እንኳንም ሰማ! እስቲ ጆሮ ሰጥታችሁ አድምጡት። ጊታሩም ቤዙም ዝም ብለው ድምፁና ከበሮው ብቻ ይቀራሉ። ሰውዬው ራሱን ሊያሳምን የሚታገል ነው የሚመስለው።

ጽሑፉ የዘለለው አንድ ነገር አለ። ይህ ዘፈን መጀመሪያ የሸክላው ጀርባ ላይ ነበር፤ ፊቱ ላይ የነበረው «ሃርለም» የተባለው ሌላ ዘፈኑ ነው። የሬዲዮ ዲጄዎች ሸክላውን ገልብጠው ማጫወት ሲጀምሩ ነው ሕዝቡ ያገኘው። ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 3ኛ ደረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት የግራሚ ሙዚቃ ሽልማት አሸነፈ።

ርዝመቱ 2 ደቂቃ ገደማ ነው። እኔ አንድም ሰከንድ አይጨመርበት ባይ ነኝ።