ካርዱ ጣና ዳር ሲደርስ

ሐምሌ ላይ ልጆቹን ይዞ ባሕር ዳር ከሚገባ የአሜሪካ ሐበሻ ቦርሳ የማይጠፋ ነገር ቢኖር የልጆቹ የጤና መድን ካርድ ነው። ከፓስፖርታቸው ጋር በአንድ ላስቲክ ይታሰራል። ምን ሊያደርግለት እንደሆነ እንጃ። የመንግሥቱ መድን፣ ሜዲኬድ የሚባለው፣ ከአሜሪካ ውጭ ለታከመ ልጅ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። በመሥሪያ ቤት በኩል የሚገኘው እንደ ውሉ ነው። የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ ለድንገተኛ ብቻ ነው፤ ያውም ወላጅ እዚህ ጥሬውን ቆጥሮ ከፍሎ፣ ሲመለስ ደረሰኝ አያይዞ «መልሱልኝ» ሲል።

ጉዱ ያለው ደረሰኙ ላይ ነው። ከክሊኒክ የሚሰጠው ወረቀት አንዳንዴ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሕክምና»፣ ድምር፣ ማህተም። ቀኑ 12/11/2017። ለእኛ ሐምሌ 12 ነው። እዚያ በመድን ድርጅቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ደረሰኝ የምትመረምረው ግን ወሩን አስቀድማ ስለምታነብ ዲሴምበር 11፣ 2017 ትለዋለች። ልጁ በፈረንጅ 2019 የተወለደ ከሆነ፣ ሳይወለድ በፊት ለታይፎይድ ታክሟል ማለት ነው። ውድቅ! ከጎኑ «ጁላይ 19፣ 2025» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ጣጣው ያልቅ ነበር።

ስለዚህ ከገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ሳይርቁ፦ የልጁ ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው (የእኛ ሰው የአያት ስም ጨምሮ ይጽፍና ካርዱ ላይ ካለው አልገጥም ይላል)፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የበሽታው ስም በእንግሊዝኛ፣ ምርመራውና መድኃኒቱ እያንዳንዱ ከነዋጋው፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ። የዕለቱን የባንክ ምንዛሪም በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። የማስገቢያ ጊዜው እንደየውሉ ይለያያል፤ 90 ቀን የሚል አለ፣ ዓመት የሚል አለ። እስከ መስቀል ቆይቶ የተመለሰ ሰው 90ው ቀን ሊያልቅበት ምን ቀረው?

ከመነሻውም የሚቀር ነገር አለ። ለልጅ የታዘዘው መደበኛ ክትባት እዚያ ያለ ክፍያ ይሰጣል። የቢጫ ወባና የታይፎይድ ክትባት ግን በመደበኛው ሰሌዳ ላይ ስለሌሉ ብዙ መድኖች «የጉዞ ክትባት» ብለው ይዘሏቸዋል። የወባ መከላከያ ኪኒንም እንደየውሉ ነው፤ ደውሎ መጠየቅ ያሻል፣ ያውም ከመነሳት ሳምንታት ቀድሞ፣ ኪኒኑ ከጉዞ በፊት የሚጀመር ነውና። ጣና ዳር እግሩን ነክሮ የተመለሰ ልጅ ለቢልሃርዚያ ቢመረመር ግን ሐኪም ያዘዘው ምርመራ ስለሆነ እንደ ማንኛውም ምርመራ ይታያል። መከላከያው በኪስ፣ በሽታው በመድን። ይህን ያሰበው ሰው ልጅ የለውም መሰለኝ።

እዚያው አሜሪካ ቤታቸው እያሉም ቢሆን የእኛ ወላጆች የሚነደፉበት ቦታ ይታወቃል። የልጅ ዓመታዊ ምርመራ በኔትወርክ ውስጥ ባለ፣ ማለትም ከመድኑ ጋር በተዋዋለ ሐኪም ዘንድ ነፃ ነው። ነፃ የሚሆነው ግን ምርመራ ብቻ ሆኖ ሲቀር ነው። እናት «ከመጣን አይቀር ይቺን ጆሮውንም እይልኝ፣ ማታ ማታ ይነጫነጫል» ስትል ሐኪሙ ጆሮውን ያያል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ቢሮው ደግሞ ሁለተኛ ቀጠሮ አድርጎ ይጽፈዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮፔይ (ለቀጠሮው ወላጅ የሚከፍለው ድርሻ)፣ ዲዳክቲብሉ (መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ወላጅ በዓመት ከኪሱ የሚሸፍነው) ካልሞላም ሙሉ ዋጋው በፖስታ ይመጣል። «ከመጣን አይቀር» እዚያ ሂሳብ አላት።

አራስ ልጅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በመሥሪያ ቤት መድን ላይ ሕፃን ለማስመዝገብ ያለው ጊዜ በተለምዶ ከተወለደ 30 ቀን ነው፤ «ገበያ» ከሚባለው የመንግሥት የመድን መሸጫ ለተገዛ 60 ቀን። በእኛ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ክርስትና ይነሳሉ። «ስሙ ይውጣና» ብሎ ወረቀቱን ያቆየ አባት፣ ወንዱን በ30ው ያጣዋል፤ ሴቷማ በ60ውም አትደርስም። የዓለም ስም ማስገባት ነው እንጂ መድኑ ቄስ አይጠብቅም። ወንዱን መግረዝም እንደየግዛቱ ነው፤ «ለሕክምና አያስፈልግም» ብለው የማይከፍሉ የሜዲኬድ ግዛቶች አሉ።

የሚያናድደው ሌላው «ልጅ» የሚለው ቃል ነው። ባሕር ዳር ቤት ውስጥ ለትምህርት ከገጠር የመጣች የእህት ልጅ የለችበት ቤት ስንት ነው? ማን ናት ሲባል «ልጄ ናት» ነው መልሱ። አሜሪካ ያለው መድን የፍርድ ቤት የአሳዳጊነት ወረቀት ይጠይቃል፤ አክስትነት ወረቀት አይደለም። የራስን ልጅ ግን እስከ 26 ዓመቱ ያቆያል። ይህ በፈረንጅ 2010 የወጣው ሕግ ነው፣ በዚህስ አይታሙም።

አገር ቤትም ቢሆን ያቺ የእህት ልጅ በነፃ አትገባም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ የሚሸፍነው ባልና ሚስትን፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸውንም ነው፤ ከዚያ ውጭ ላለ ቤተሰብ ጭማሪ ይከፈላል። ስሟ የመድኑ ደብተር ላይ ከሌለ ካርድ ክፍል ላይ ትመለሳለች። መድኑ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ፎገራና ደቡብ አቸፈር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች ነበሩ፤ ማለትም የጣና አካባቢ ገበሬ ይህን ከብዙ ዲያስፖራ በፊት ያውቀዋል። ዲያስፖራው ግን «እዚህ ምን መድን አለ!» ይላል።

መድኑ አለ፤ ጉድለቱም አለ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳያጽፉ፣ ድንገተኛም ሳይሆን፣ ከዘጌ በጀልባ ተነስቶ በቀጥታ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የገባ ልጅ ወጪው ወላጁ ኪስ ላይ ይወድቃል። የእድሳት ወር ካለፈ ደብተሩ ወረቀት ነው። መነጽር የለበትም፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ የለበትም። (የአሜሪካው የገበያ መድን ለልጅ በዓመት አንድ መነጽር ይሰጣል፤ የጥርስ ብረት ግን ብዙ ጊዜ «ለውበት ነው» ብሎ ይገፋል።) ከሁሉ የሚያንገበግበው ሽፋን ያለው መድኃኒት «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል ነው። እዚያ መድኃኒቱ ሞልቶ ሽፋኑ ይጠፋል፤ እዚህ ሽፋኑ ኖሮ መድኃኒቱ። ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማህተም ይደረግበት፤ ወረዳው የሚመልስ ከሆነ ያለዚያ አይመልስም።

«የጉዞ መድን ገዝቻለሁ» የሚል ደግሞ አለ። ጥሩ ነው፤ የማይሸፈኑት የተጻፉበትን ገጽ ግን ያንብበው። ጦርነትና ሁከት ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፎ ይገኛል፤ መንግሥታቸው «አትሂዱ» ካለበት አካባቢ ለደረሰ ጉዳት የማይከፍልም አለ። አስም ያለበት ልጅ ከሆነ «ነባር ሕመም» የሚለውን ይፈልግ፤ ብዙዎቹ ያንን የሚሸፍኑት የመጀመሪያው የጉዞ ክፍያ በተከፈለ ከ10 እስከ 21 ቀን ውስጥ ለተገዛ ብቻ ነው። ታማሚን በአውሮፕላን ማሻገርም ለብቻው የሚጻፍ መስመር ነው፤ ገደቡን በዶላር ማየት ያስፈልጋል።

ልጅን ባጃጅ ቢገጨውስ? እዚህ ላይ የአሜሪካ ካርድም የወረዳ ደብተርም ይቀመጥ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799፣ ለተጎጂው ድንገተኛ ሕክምና የተወሰነ ገንዘብ አስቀምጧል፤ ገጪው አምልጦ ባይታወቅ እንኳ የመድን ፈንድ አለ። ሰው ግን ልጁን አንስቶ ሲሮጥ ታርጋውን የሚያይለት የለም፤ የትራፊክ ፖሊስ ወረቀትም የሚታሰበው በሳምንቱ ነው።