እርማት፦ ስለ ሙከራ ቀናት ሰዓት

የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ ስለ አዲሱ የፎርሙላ 1 የመኪና ውድድር ዘመን የጻፍከውን ከዚሁ ከደሴ ሆኜ አነበብሁት። ስለ አሽከርካሪዎቹ ባልከው እስማማለሁ። «በሙከራው ፈጣን ሰዓት ያስመዘገበ ዋንጫውን ይወስዳል» ያልከው ግን ብዙ ሰው የሚደጋግመው ስሕተት ነው።

ሙከራው ቡድኖቹ የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት መኪናቸውን የሚፈትሹበት ነው፤ በዚያ ጊዜ ማን ስንት ነዳጅ ጭኖ እንደወጣ አይነገርም። 10 ኪሎ ነዳጅ መኪናውን በአንድ ዙር በግምት 0.3 ሰከንድ ያዘገየዋል፤ 50 ኪሎ የያዘው 10 ኪሎ ከያዘው ከ1 ሰከንድ በላይ ቢዘገይ አይግረምህ። ከአንተ ከተማ ወደ እኛ ዳገቱን የሚወጡትን ባዶና ሙሉ የጭነት መኪናዎች አስብ፤ ቀድሞ የደረሰውን አይተህ ስለ ሞተሩ ትፈርዳለህ? የጎማው ዓይነት ደግሞ ሌላ ልዩነት ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ባርሴሎና ላይ የፌራሪው ሴባስቲያን ፌተል የመርሴዲሱን ሉዊስ ሃሚልተንን በ0.003 ሰከንድ በልጦ ሙከራውን በአንደኝነት ጨረሰ። ከዚያስ? በመጀመሪያዎቹ አምስት ውድድሮች መርሴዲስ አንደኛም ሁለተኛም ሆነ፤ ፌራሪ የዓመቱን የመጀመሪያ ድል ያገኘው ቤልጂየም ላይ ነው። በ2025ም ባህሬን ላይ ፈጣኑ የዊሊያምሱ ካርሎስ ሳይንዝ ነበር፤ ዋንጫው ግን የማክላረን ሆነ።

አንዳንዴ ሰዓቱ እውነት ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ብራውን የተባለው ቡድን በሙከራው ፈጥኖ በዓመቱ መጨረሻም ሻምፒዮን ሆኗል። ቢሆንም ትንበያህን ስታድስ ከአንዲት ፈጣን ዙር ይልቅ በተከታታይ የተነዱ ብዙ ዙሮችን ተመልከት፤ መኪናው ሳይበላሽ ስንት ዙር እንደሮጠም ቁጠር።