የእጅ ዋጋ ለምኔ!

እሑድ ጠዋት የደብረ ብርሃን ፀሐይ ብርዱን ገፋ ስታደርገው፣ ከቅዳሴ መልስ ጋቢውን አውልቆ ኮሮላው ሥር የሚንሸራተተውን ባለመኪና ያላደነቀ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ካነሣን አይቀር፣ መኪናዋን ደግፎ የያዛትም ድንጋይ ነው። ክሪኩ ዘይት እያፈሰሰ ቀስ በቀስ ቢወርድም ከመንገድ ሥራ የተረፈች ኮብልስቶን አለችለት። የብረት መቆሚያ መግዛት የፈሪ ነው። ኮብልስቶን ደግሞ ጨዋ ናት፤ ልትሰነጠቅ ስትል አትጮህም።

ጀግናችን የፊት ሾክ፣ ያ የመኪናዋን ንጥረት የሚያረጋውን ዘይት ያለበት ቱቦ፣ ሊቀይር ነው። ሁለቱም ሾኮች ዘይት አልቅሰዋል፤ የመኪናዋን አፍንጫ ተጭነው ሲለቁት አንዴ ተነሥቶ እንደ መርጋት ሦስት አራቴ እስክስታ ይወርዳል። እሱ ግን የገዛው አንድ ነው፤ የባሰበትን የግራውን። የቀኙን ለበዓል አስቦታል። በአዲሱ በኩል ጎማው አስፋልቱን ሲይዝ በአሮጌው በኩል እየነጠረ ይለቃል። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን በያዘ ቁጥር መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ይታገለዋል፤ እንቅልፍ ያባርራል፣ ሌላ ምን ይሻላል?

ከላይ ሦስት ፍሬ፣ ከታች ሁለት ወፍራም ብሎን። ዝገቱ ናፍጣ ጠጥቶ ካደረ፣ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ መፍታት ነው። (እስከዚህ ያለውን ሥራ እጅ ያለው ሰው ቢሠራው ነውር የለውም። ከኋላ በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረበ የብረት ሳንቃ፣ የሚሄድ ፒካፕ ሲሆንማ ከላይና ከታች ፈትቶ አዲሱን ማሰር ብቻ ስለሆነ፣ ለዚያ ጋራዥ መሰለፍ ራሱ ያሳፍራል።) ሾኩ ሲወጣ የጎማው ማሰሪያ ወደ ውጭ ጋደል ብሎ በፍሬን ቱቦው ይንጠለጠላል። በሽቦ ደገፍ ማድረግ ነበረበት፤ ሽቦው ግን ለአጥር ይፈለጋል።

አሁን የሾኩ አናት ላይ ያለችው የመሐሏ ፍሬ ቀረች። ሾኩን የከበበውን የብረት ሞላ ጨምቃ የያዘችው እሷ ናት። መካኒክ የሰው ጊዜ የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው፦ ሁለት የሞላ መጭመቂያ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ጥቂት ከዚህ ጥቂት ከዚያ እያፈራረቀ ያጠብቃል፣ ሞላው ከላይ መቀመጫው ለቆ በእጅ ወዲያ ወዲህ ሲል ካላየ ፍሬዋን አይነካትም። ለዚህ ነው እንግዲህ የእጅ ዋጋ የሚጠይቀው! ጀግናችን የበሬ ጠፍር አለው። ሞላው ከ200 ኪሎ በላይ ይገፋል፤ ጠፍሩን በጥሶ ሲፈናጠር የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ያርፋል፣ መንገዱ ላይ አገጭ ካላገኘ።

የብራቾውንም፣ ማለትም ጎማውን ከታች ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኘውን የብረት ክንድ፣ ጎሚኒ (የመጋጠሚያውን ላስቲክ) ደርቦ ቀይሯል። ጎማው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ብሎኑን ግጥም አድርጎ አሰረው። መኪናዋ ስትወርድ ብራቾው ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ጎሚኒዋ ተጠምዝዛ ትቀራለች፣ በጥቂት ወር ትተረተራለች። እዚህ ላይ አንፍረድበት፤ ገንዘብ ተቀብለው እንዲሁ የሚያስሩ ጋራዦችም ሞልተዋል። መኪናዋ በእግሯ ከቆመች በኋላ ማጥበቅን የመሰለ ቀላል ነገር ስለሆነ ማንም አይጠይቃቸውም።

አላይመንትስ፣ የጎማዎቹን አቋም ማስተካከሉ? የታችኞቹ ሁለት ብሎኖች በቀዳዳቸው ውስጥ ጥቂት ከተንቀሳቀሱ የጎማው አቋም ይዛነፋል ይላሉ ቢሮክራቶች። ጀግናችን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው አይቶታል። ጎማው በውስጥ በኩል ተበልቶ ሽቦው ሲታይ፣ ከእጅ ዋጋ የተረፈው ብር አዲስ ጎማ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ይሸኘዋል።

ሰኞ ማለዳ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ከፊት ግራ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። መካኒክ ቢሰማው የመሐሏ ፍሬ ስላልጠበቀች ነው ባለ። እሱ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ማታ ሲመለስ የጎረቤቱ ልጅ በር ላይ ይጠብቀዋል፦

«ጋሼ፣ የአባዬን ቪትዝ በየትኛው እሑድ እናምጣልዎ?»