እርማት፦ ጃክ ዘ ሪፐር በፍሳሽ ዋሻ አላመለጠም

ወንድሜ፣ ማንነቱ ስላልታወቀው የለንደን ነፍሰ ገዳይ «ጃክ ዘ ሪፐር ካትሪን ኤዶውስን ገድሎ በጉም ተሸፍኖ በፍሳሽ ዋሻ ተሰወረ» ብለሃል። ወሬው ሲያዳምጡት ደስ ይላል፤ ማስረጃው ግን ሌላ ነው የሚለው።

መስከረም 30 ቀን 1888 (በፈረንጆች) ለንደን ውስጥ ሚትር ስኩዌር ላይ ነው የተገደለችው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልንገርህ። ጠባቂው ፖሊስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ሲያልፍ ምንም አላየም። 7 ሰዓት ከ44 ላይ ሲመለስ አስከሬኗን አገኘ። 14 ደቂቃ ብቻ! አደባባዩ ሦስት መውጫ አለው፤ ታዲያ ዋሻ ምን ያደርግለታል?

ቁልፉ ሽርጧ ነው። ከለበሰችው ሽርጥ ተቆርጦ የተወሰደ በደም የራሰ ቁራጭ ጎልስተን ጎዳና ላይ፣ አንድ መኖሪያ ሕንፃ መግቢያ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። በእግር አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ወደ ምሥራቅ ነው የሄደው፣ ወደ ኋይትቻፕል። በዚያው ሌሊት ሌላ ሴት፣ ኤልዛቤት ስትራይድ፣ ተገድላ ፖሊስ ወደሚርመሰመስበት ሰፈር ማለት ነው! እኔን የሚገርመኝ ይሄ ድፍረቱ ነው።

ጨርቁን ያገኘው ፖሊስ ለ9 ሰዓት 5 ጉዳይ ላይ ነው ያየው። 8 ሰዓት ከ20 ላይ በዚያው ሲያልፍ እንዳልነበረ መስክሯል። ቃሉ ልክ ከሆነ ገዳዩ በቀጥታ አልሸሸም፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሆነ ቦታ ቆይቷል። ወይም ፖሊሱ በጨለማው ሳያየው አልፏል። ክርክር ካማረህ እዚህ ላይ ተከራከር።